ያልጮኸችው ዓይን

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ የቤት ዕቃ ፋብሪካው ግቢ በውሃና በጥላሸት ተለውሷል። እኔ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ፣ አዲስ ጫማ ባደረግኩበት ቀን ደረቅ ቦታ ላይ ወንጀል ተፈጽሞ አያውቅም።

የተቃጠለው የማድረቂያ ክፍሉ ነው። ቀለም የተቀባ ዕቃ እየገባ፣ ከጎን ያለው ማሞቂያ በሚነፋው ትኩስ አየር የሚደርቅበት ረጅም ክፍል ነው። በወዲያኛው ጫፍ ተደርድረው የነበሩ ስልሳ የሕፃናት አልጋዎች ከሰል ሆነዋል። ሁሉም «አባባ» የሚሏቸው የፋብሪካው አንጋፋ አናጢ በጭስ ታፍነው ሆስፒታል ገብተዋል። በምሳ ሰዓት ወገባቸውን ለማሞቅ እዚያው ጣውላ ላይ ጋደም ይሉ ነበር አሉ። ይትረፉ አይትረፉ ገና አልታወቀም።

የእሳት አደጋ አለቃውን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ብዙ አያወራም። በባትሪ እያበራ ወደ ጥጉ ወሰደኝ።

«ከዚህ ነው የተነሳው። ከጨርቅ ክምር። የተልባ ዘይት የጠጣ መወልወያ ጨርቅ ተከምሮ ሙቀት ካገኘ ክብሪት አይፈልግም። ራሱ ይግላል፣ ራሱ ይቀጣጠላል።»

«ሠራተኞቹ ይህን አያውቁም?»

«እንዴት አያውቁም! ደጃፉ ላይ ውሃ የሞላ በርሜል አላየሽም? ጨርቅ ሁሉ እዚያ ነው የሚጣለው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያቺን እያት።»

ከበሩ አጠገብ፣ ከራሴ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላ፣ ቡጢ የምታክል ክብ መሣሪያ በሽቦ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣለች። የፋብሪካው ሰዎች «ዓይን» ነው የሚሏት። ከነበልባል የሚወጣውን፣ እኛ የማናየውን ኢንፍራሬድ የሚባል ጨረር ከሩቅ ለይታ ታውቃለች። እሳት ስታይ ማንቂያውን ታስጮሃለች፣ ማሞቂያውን ታጠፋለች፣ ከጣሪያው ውሃ ታስለቅቃለች።

«ዛሬ ትንፍሽ አላለችም» አለ። «ጭሱን ያየው መንገድ ላይ መኪና ያቆመ ሹፌር ነው።»

«ተበላሽታ ይሆናላ።»

አለቃው ላይተር አወጣ። ውሃው መዘጋቱን አረጋገጠና ላይተሩን ፊቷ ላይ ለኮሰ። እናንተዬ! ማንቂያው የለቀቀው ጩኸት ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር። ረዳቴ ሳጅኑ ማስታወሻ ደብተሩን ጭቃው ውስጥ ጣለው።

ዙሪያውን አየሁ። ግድግዳው ጥቁር ነው። የሽቦ ቅርጫቱም ጥቁር ነው። የዓይኗ ፊት ግን ጥርት ብሏል።

«ጠርገሃታል?»

«ማን ይነካታል? እንዳገኘኋት ናት።»

ጻፍኩት። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም።

በአምቡላንሱ ደረጃ ላይ ሁለት እጆቹ በፋሻ የተጠቀለሉ ረጅም ሰው ተቀምጧል። የምርት ሥራ አስኪያጁ ነው። አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጀግና ነው። ሽማግሌውን ተሸክሞ ያወጣቸው እሱ ነው። ነበልባሉን አጥፍተን ጭሱ ገና ሳይበተን፣ ‹ሌላ ሰው አለ› ብሎ ደግሞ ተመልሶ ገባ። ጮህኩበት፣ አልሰማኝም። ማንንም አላገኘም፣ ጃኬቱን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ወጣ» አለኝ።

ጀግናውን አነጋገርኩት። ትሑት ነው፣ ቃል መርጦ ይናገራል።

«ኢንስፔክተር፣ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም። ግን ዓይኗን የሚያጠፋና የሚያበራ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። እሱም ያለው የማሞቂያ ቴክኒሻኗ ጋ ነው።»

ማምሻውን ቴክኒሻኗ ጣቢያችን ገባች።

አለቃዬ ኮማንደሩ ነገር ሲረዝም አይወድም። «ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ‹ተሞክሯል› ብላ የፈረመችው እሷ ናት። መሣሪያው ደህና ነው። አጥፍታው ነበር፣ ቃጠሎው ሲነሳ ሮጣ አበራችው፣ አለቀ። ዓርብ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ ትሄዳለች» አለኝ።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች።

«ጠዋት ሞክረሻታል?»

«ሁለት ሰዓት ላይ፣ በላይተር። ጮኸች። ከዚያ ነው የፈረምኩት።»

«ከዚያስ አጠፋሻት?»

«ለምን ብዬ?»

«ጩኸቷ ሲሰለቻቸው የሚያጠፉ ሰዎች አሉ።»

«ይኖራሉ። እኔ አላጠፋሁም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ኢንስፔክተር፣ እዚያ ውስጥ የተኙት አባባ ናቸው። ሥራ የጀመርኩ ቀን ምሳቸውን ለሁለት ከፍለው የሰጡኝ ሰው ናቸው። አጥፍቻት ቢሆን ኖሮ እርስዎን አልጠብቅም፣ በገዛ እግሬ መጥቼ እናገር ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቦይለር ሲያነዱ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ጆሯቸው እዚያው ቦይለሩ ዘንድ ስለቀረ ሲያወሩ ጣቢያው በሙሉ ይሰማል።

«ልጄ ያልሞከረችውን አትፈርምም! እኔ ነኝ ያስተማርኳት!»

«አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፤ እየሰማሁዎት ነው።»

«ሰባት ዓመት ይፈረድባታል እያሉኝ ነው!» አሉ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰባት ዓመት ከሆነ እኔ አልደርስባትም።»

አንጀቴን በሉኝ። እንዲህ ሲሆን ደግሞ እናደዳለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን ገና አላወቅኩም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ፋብሪካው ተመለስን። የጨርቁ ባለቤት የቀለም ክፍሉ ነው። የቀለም ክፍሉ አለቃ ደግሞ «ኩርፊያው» የሚሉት፣ ፊቱ ሁልጊዜ እንደጠቆረ የሚውል ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ከአባባ ጋር ተጨቃጭቋል፤ ሠላሳ ሰው ሰምቷል።

«ቃጠሎው ሲነሳ የት ነበርክ?»

«ምሳ ላይ።»

የምግብ አዳራሹን ወጥ ቤት ጠየቅኩ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት።

«ኩርፊያው? ወይ፣ ማክሰኞ እኔ ዘንድ አልበላም። ሥራ አስኪያጁ ነበሩ እንጂ! በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወርደው ከሠራተኛው ጋር በሉ። ጨዋ ሰው። ‹ጭስ! ጭስ!› እስኪባል ድረስ እዚሁ ተቀምጠው ሲያጫውቱን ነበር።»

ሳጅኑ ክንዴን ጎሰም አደረገኝ። «ያዝነው!» አለ፤ ኩርፊያውን ማለቱ ነው። ተመልሰን አፋጠጥነው። መጀመሪያ ካደ። ቀጥሎ ተቆጣ። በመጨረሻ በሩን ዘግቶ አንገቱን ደፋ።

«ለእትዬ፣ ለፋብሪካው ባለቤት፣ እንዳትነግሩብኝ። ማዶ ያለው ፋብሪካ ለሥራ ልፈተን ሄጄ ነበር።»

«እና?»

«ወደቅኩ።»

ሳጅኑ ሳቁን ለመደበቅ ያስላል። ማዶ ያለው ፋብሪካ ደውለን አጣራን፤ እውነቱን ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት እዚያ ነበር፣ ወድቋልም። ተስፋዬን ሁሉ ውሃ በላው። ልወጣ ስል ግን እንዲያው ለነገሩ ያህል ጠየቅኩት።

«ማክሰኞ ጠዋት ማድረቂያው ክፍል ገብተሃል?»

«አምስት ሰዓት ላይ። ቀለሙ መድረቁን ልይ ብዬ እስከ አልጋዎቹ ድረስ ሄጃለሁ። ምንም ጨርቅ አልነበረም። የእኔ ልጆች ጨርቅ ክፍል ውስጥ አይጥሉም፤ እገድላቸዋለሁ።»

«ዓይኗንስ አየሃት?»

«እኔ እሳት እፈራለሁ። አረንጓዴ መብራቷን ሳላይ አልገባም። በርታ ነበር።»

«የሸፈናት ነገርስ?»

«ምንም። ፊት ለፊት አየኋት እኮ!»

ግቢው ውስጥ ያለ ግንድ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። አምስት ሰዓት ላይ ዓይኗ በርታለች፣ አልተሸፈነችም። ቴክኒሻኗ ደግሞ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ቃጠሎው እስኪነሳ ድረስ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ፓምፕ ስትፈታ ነበር፤ ሁለት ሰዎች አብረዋት ነበሩ። ሄዳ ልታጠፋት አትችልም። እንግዲህ የበራች፣ ያልተሸፈነች፣ ደህና የሆነች ዓይን ስልሳ አልጋ ሲነድ ቆማ አየች፣ ዝምም አለች። ይህን ለኮማንደሩ ብነግረው ዕረፍት ውጪ ይለኛል።

ሐሙስ ጠዋት ቴክኒሻኗን አስጠራሁ። ልጠይቃት አልነበረም፤ ቸግሮኝ ነበር። ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። አረንጓዴውን መብራት፣ ኩርፊያውን፣ ጥርት ያለውን ፊት ነገርኳት።

«ቆይ» አለች። «ግድግዳው ጠቁሯል?»

«ጠቁሯል።»

«ቅርጫቱስ?»

«እሱም።»

«ቅርጫቱ ጠቁሮ ዓይኗ ከጸዳች፣ በመካከላቸው አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው። ኩርፊያው ደግሞ ምንም አላየም…» ብድግ አለች። ወንበሩ ወደቀ። «ላይተር ያለው ሰው አለ?»

ሳጅኑን አየሁት። ሲጋራ ካቆመ ስድስት ወር እንደሆነው በየቀኑ ይነግረኛል። ኪሱን ዳበሰና ቀይ ላይተር አወጣ። አንገቱን ደፋ። ሌላ ጊዜ እንደርስበታለን።

ዓይኗ ከነመሞከሪያ ሳጥኗ በኤግዚቢትነት ቢሮዬ ነበረች። ቴክኒሻኗ ሳጥኑ ላይ አገናኘቻትና ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ በተዘጋው መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጠቻት። ሳጅኑን ወደ በረንዳው ላከችው።

«ይለኩሱ!»

ለኮሰ። ነበልባሉ ከመስኮቱ ማዶ፣ ከዓይኗ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ይርገበገባል። ዝም።

«እርስዎ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል እንጂ።»

«እሷ ግን አይታያትም።»

ብላ መስኮቱን በረገደችው። ጩኸቱ ጣቢያውን አናወጠው። ኮማንደሩ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከቢሮው ዘሎ ወጣ፤ ሻዩ ሸሚዙ ላይ ነው።

«ተራ መስታወት ለእኛ ብርሃን ያሳልፋል» አለች ድምፁን ካጠፋች በኋላ። ፊቷ በርቷል። «እሷ የምትጠብቀውን የነበልባል ጨረር ግን ያስቀረዋል። ለእሷ መስታወት ማለት ግድግዳ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ንጹሕ መስታወት ብናስገባ አረንጓዴ መብራቷ ይታያል፣ እሷ ግን ታውራለች። ጥላሸቱንም የተቀበለላት መስታወቱ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹አጠፋሻት ወይ› ብቻ ነው ያላችሁኝ። ፊቷ መጽዳቱን ዛሬ ገና ሰማሁ።»

አፈርኩ። እውነቷን ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ነገሩን ከሁላችን በላይ የምታውቀውን ሰው ቆልፌባት በየግቢው ስዞር ነበር።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም ሰምቷል። በየዓመቱ አስተምራቸዋለሁ፤ ዓይኗ ፊት መስታወት ያለው ቁምሳጥን እንዳያቆሙ አስጠነቅቃለሁ። ግማሹ ያንቀላፋል። አምና ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ‹ቀጭን መስታወትም ያው ነው?› አለኝ።»

«ማን?»

ማን እንደሆነ ስትነግረኝ፣ በፋሻ የተጠቀለሉ ሁለት እጆች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ግን መጠርጠር ሌላ፣ መያዝ ሌላ ነው። መስታወቱ ያስፈልገኛል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መስታወት የሚደበቀው መስታወት መሐል ነው ብዬ፣ የፋብሪካውን መስታወት ገጣሚ ሴት ይዤ ያለቀላቸው ዕቃዎች ማሳያ ክፍል ገባሁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ትንንሽ የመድኃኒት ሣጥኖች ተደርድረዋል። በራቸው ባለ መስታወት ነው፤ መስታወታቸው ልክ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባ ያህል ነው። ሴትዮዋ አንድ በአንድ ጀርባቸውን እያገላበጠች ሄደች። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ የተነከሰች ያህል ጮኸች።

«ምስማር!»

«ምን?»

«እዩት! በዚህ ቤት ምስማር! አባባ ቢያዩት ይሞታሉ! እኛ ክፈፉን በሙጫና በእንጨት ችንካር ነው የምንይዘው። ምስማር የመታ ሰው በዚያው ቀን ይባረራል። ደግሞ አመታቱ፣ ጥምም ያለ! ይህን የእኛ ሰው አልሠራውም። መዶሻ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው የሠራው።»

ክፈፉን አወለቀችልኝ። መስታወቱ ፊቱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሻካራ ጠርዙን ግን ማንም አላጸዳውም፤ በነጭ ጨርቅ ስነካው ጨርቁ ጠቆረ።

እሰይ! አልኩ ጮክ ብዬ። ሳጅኑ እንዲህ ስደሰት አይቶኝ አያውቅም፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ነበር። ሳጅኑን፣ ከክሊኒኩ የመጣችውን ነርስና መስታወቱን ይዤ ገባሁ። መስታወቱን በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ።

«እጅዎ እንዴት ነው?»

«ይሻለዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ፋሻውን ትፍታልን።»

ፊቱ ልውጥ አለ። ነርሷ ፈታችው። በሁለቱም እጆች በአራቱ ጣቶች ላይ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል አንድ ቀጥ ያለ የቃጠሎ መስመር አለ።

«ሰው የተሸከመ እጅ እንዲህ አይቃጠልም» አልኩትና ጋዜጣውን ገልጬ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «የጋለ መስታወት ጠርዙን ይዞ ያወጣ ነው እንጂ። ሁለተኛ የገባኸው ለዚህ ነበር፤ በጃኬትህ ሸፍነህ አወጣኸው። መስታወት የጎደለው ሣጥን እንዳይገኝ ብለህ ደግሞ መልሰህ ቸነከርከው።»

ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ መንቀል አቃተው።

«አልጋዎቹን ለምን አቃጠልክ?»

ቀስ ብሎ ተናገረ። የሕፃናት ማቆያ አልጋዎች ናቸው። ለሕፃን ዕቃ የተከለከለ፣ እርሳስ ያለበት ቀለም አስቀብቷቸዋል፤ የተፈቀደው ቀለም ዘግይቶበት፣ ለእትዬ ቃል በገባላቸው ቀን ሳያደርስ እንዳያፍር ብሎ ነው። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ የጥራት ተቆጣጣሪዎች ቀለሙን ፍቀው ናሙና ሊወስዱ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዓይኗን በመስታወት አሳወራት፤ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ከበርሜሉ አጠገብ ያልተነከረውን ጨርቅ ሰብስቦ አልጋዎቹ ሥር ከመረው። ከዚያ ሰው መሐል ገብቶ ምሳውን በላ።

«ማንም የለም ብዬ ነው» አለ። ማልቀስ ጀመረ። «አባባ እዚያ እንደሚተኙ ማን ነገረኝ? ሲጮሁ ስሰማ ሮጥኩ፤ እውነቴን ነው፣ አወጣኋቸው።»

«አውጥተሃቸዋል፤ ይጻፍልሃል። ግን በምሳ ሰዓት የት እንደሚተኙ ሠላሳ አንድ ሰው ያውቃል። በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ ከእነሱ ጋር የበላኸው አንተ ነህ ያላወቅከው። ለዚህ ደግሞ ያቺን ልጅ ሰባት ዓመት ልታሳስራት ነበር።»

ሳጅኑ አስነሳው።

ዓርብ ጠዋት፣ ለዐቃቤ ሕግ ልትሄድ በነበረበት ሰዓት፣ ኮማንደሩ ራሱ የእስር ክፍሉን በር ከፈተ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ጀምሮ በአራተኛው ተሳካለት። እኔ ለአባቷ ለመንገር ጎንበስ አልኩ።

«ልጅዎ ነፃ ናት!»

«ምን?»

«ነፃ ናት!!»

ሰሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እሷ መጥታ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

በመኪናዬ ወደ ቤት ላደርሳቸው ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ፋብሪካ አለች። አባባ ነቅተዋል። ድምፃቸው ገና ሻካራ ነው፤ እጇን ይዘው፣ «ኩርፊያው ነግሮኛል፤ እሳቱ ያላንቺ አይነድም» አሏት። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባን ፋብሪካው ስንደርስ ነው።

ሠራተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አንድ ማሽን አይሰማም። ማሞቂያው ከቃጠሎው ተርፏል፣ ሁለተኛው ማድረቂያ ክፍልም ደህና ነው፤ ሆኖም ከረቡዕ ጀምሮ ቀዝቃዛ ነው። የፋብሪካው ባለቤት፣ እትዬ የሚሏቸው አሮጊት፣ ሌላ ቴክኒሻን አስመጥተው ነበር።

«እምቢ አሉኝ» አሉ እትዬ፣ እንባቸውን ለመደበቅ እየተቆጡ። «ሦስት ቀን! ‹እሷ ያላየችው እሳት አጠገብ አንሠራም› ብለው ቁጭ አሉብኝ። ያስተባበረው ደግሞ ማን መሰለሽ? ይኼ ኩርፊያ!»

ኩርፊያው መሬት መሬት ያያል። ሌላ ቴክኒሻን ስላላመነ ብቻ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ሦስት ቀን ሙሉ ሲናገር ከሠራተኛው በቀር የሰማው አልነበረም።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሉ እትዬ። «የሰው ወሬ ሰምቼ አንቺን ሳልሰማ አሳስሬሻለሁ። ሠራተኛዬ ሁሉ እየሰማ ነው የምልሽ።»

ቴክኒሻኗ ሠላሳ አንዱን ሰው አንድ በአንድ አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ እትዬ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ሁላችንም ተከትለናት ገባን። የሁለተኛውን ክፍል ዓይን አበራቻት፣ መሰላል ወጥታ ቅርጫቷን በጣቷ ፈተሸች፣ ላይተር ለኮሰችባት። ጮኸች። ወርዳ ማሞቂያውን ለኮሰችው፤ ነበልባሉ ጉልበቱን አውጥቶ ማጓራት ጀመረ፣ ትኩሱ አየር ፊታችን ላይ ደረሰ።

መዝገቡን ከፍታ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች፣ ፈረመች። እሷ እስክርቢቶውን ሳታስቀምጥ ኩርፊያው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌላውም ተከተለው፣ አባቷም አጨበጨቡ። እኔም ከነዩኒፎርሜ አጨበጨብኩ፣ እጄ እስኪያመኝ ድረስ።